አንድ ሳሎን፣ ሁለት ካሜራ፦ የሲትኮም ሥራ ማስታወሻ

ከነሐሴ 2011 እስከ ሰኔ 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የቤተሰብ ሲትኮም (ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ) ስንሠራ የያዝኩት ደብተር ነው። ቀን ኮንቲኒዩቲ እይዛለሁ፤ ልብሱም ዕቃውም ከሾት ወደ ሾት እንዳይለወጥ እከታተላለሁ፤ ማታ ኤዲት አደርጋለሁ። ሌላውን ሁሉ ትቼ ከቀረጻው ጋር የተያያዘውን ብቻ ገልብጫለሁ። አሁን ሳነበው የታየኝን «ኋላ» እያልኩ በየመካከሉ ጨምሬያለሁ።

ነሐሴ 2011፦ ቤቱ

መጋዘን ተከራይተን ሳሎን እንገንባ ወይስ ቤት እንከራይ የሚለውን ክርክር ገንዘብ ፈታው። የኮምፔንሳቶ ግድግዳ፣ በርና መስኮት፣ ቀለም፣ የአናጺ ዋጋና የመጋዘን ኪራይ ሲደመር ከቪላ ኪራይ በለጠ። ቪላ ተከራየን። አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቁ፤ ከፈልን።

ሳሎኑ አምስት ሜትር በአራት ነው። እንደ አብዛኛው የአዲስ አበባ ሳሎን ሶፋው ግድግዳውን ተከትሎ ይዞራል፤ እንግዶች ፊት ለፊት ይተያያሉ። ለጨዋታ የተመቸ ነው። ለካሜራ ግን የአንዱን ፊት ስናይ የሌላውን ማጅራት እናያለን። ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራ ሲትኮም አራተኛ ግድግዳ የለውም፤ ካሜራዎቹ የሚቆሙት እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው። እኛ የሰው ቤት ግድግዳ ማፍረስ ስለማንችል በመመገቢያ ክፍሉ በኩል ያለውን ሶፋ አወጣን፤ የቀሩትን ደግሞ በትንሹ ወደ መተላለፊያው አዞርናቸው። ቡፌው መስታወት አለው፤ ካሜራውንም ባለካሜራውንም ያሳያል። ከመስታወቱ ጀርባ የታጠፈ ካርቶን ሸጉጠን ወደ ታች ስናዘነብለው ችግሩ ጠፋ። በዚህ ሥራ ያለ ወጪ የተፈታ ብቸኛው ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲመጣ የሙከራ ቀረጻ አደረግን፤ የድምፅ ባለሙያው ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ከመርካቶ ስፖንጅ ገዝተን ከኮርኒሱ በላይ አነጠፍን። ለካፊያ ረዳ፤ ለነሐሴ ዶፍ ምንም አላደረገም። ስፖንጅ ማስተጋባትን ይቀንሳል እንጂ ድምፅ አያግድም፤ ድምፅ የሚያግደው ክብደት ነው፤ ክብደት ደግሞ ያ ኮርኒስ አይችልም። ስፖንጁን አውርደን ከካሜራው ጀርባ ግድግዳ ላይ ሰቀልነው፤ እዚያ ጥሩ ሠራ። የቤት ውስጥ ቀረጻው ክረምቱ እስኪወጣ እንዲቆይ ተወሰነ።

ነሐሴ መጨረሻ፦ ስፖንሰር

የመጀመሪያው የበጀት ዕቅድ የቢራ ማስታወቂያ ገንዘብ ታስቦ የተሠራ ነበር። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ እንዳይተዋወቅ ስለከለከለ ያ ዕቅድ ሞተ። አያት፣ እናትና ልጆች ያሉበትን ድራማ በቢራ ገንዘብ መሥራት መጀመሪያውኑ ደስ አይለኝም ነበር፤ ግን የእኔ ደስታ የመብራት ኪራይ አይከፍልም።

የምግብ ዘይት አስመጪ ተገኘ። ውሉ ጀሪካኑ በእያንዳንዱ የድራማው ክፍል እንዲታይ ያስገድዳል። ታሪኩ የሚካሄደው ሳሎን ውስጥ ነው፤ ዘይት ሳሎን ምን ይሠራል? ጸሐፊዎቹ አያቲቱ ዘይቱን ከምራታቸው ደብቀው ቡፌው ውስጥ እንዲቆልፉበት አደረጉ። ስፖንሰሩ «ዘይት ጠፋ የሚል መልእክት አለው» ብሎ ተቆጣ። ሴትዮዋ የሚደብቁት ጥሩ ስለሆነ ነው ተብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጨመር ተስማማ። ቁልፉን በሻሽ ጫፍ መቋጠር ደግሞ የእትዬ የራሳቸው ሐሳብ ነው። (እትዬ የምንላቸው አያቲቱን የሚጫወቱትን አንጋፋ የመድረክ ተዋናይት ነው።)

መስከረም 2012፦ ስክሪፕት

አንደኛው ጸሐፊ በፓወር ግዕዝ ይጽፋል፤ ሌላው በዩኒኮድ። የመጀመሪያው ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናል። ማተሚያ ቤት ሄዶ የመጣ ስክሪፕት ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ማንም የማያነበው ሆኖ ተመለሰ፤ የወረቀቱ ዋጋ ግን ሙሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁሉም በኒያላ ፎንት ይጻፍ፣ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደውም ፒዲኤፍ ብቻ ይሁን ተባለ።

አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው የሚለው የውጭ ልማድ ለእኛ አልሠራም። የግዕዝ ፊደል ጠቅጥቆ ስለሚይዝ ገጹ ከደቂቃ ያልፋል። በስክሪፕት ንባብ ላይ ሰዓት እየያዝን ስንለካ ማስታወቂያ የሚገባበትን ጊዜ ሳይጨምር ለግማሽ ሰዓት ፕሮግራም የተጻፈው ሁሉ ይተርፋል። የተቆረጠው በአብዛኛው የአባትየው ምክር ነው፤ ማንም አልናፈቀውም፤ አባቱን የሚጫወተው ጋሼ እንኳን።

ጥቅምት፦ በአንድ ካሜራ

አሠራሩ ሁላችንም ከፊልም የምናውቀው ነው፦ መጀመሪያ ሁሉንም የሚያሳየው ሰፊው ሾት፣ ቀጥሎ ተናጋሪው፣ ከዚያ ካሜራው ዞሮ አድማጩ። ሰፊው ሲቀረጽ ቤቱ በሙሉ ሳቁን አፍኖ ይይዛል፤ የካሜራ ባለሙያው ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ምስሉ ላይ ይታያል። ካሜራው ወደ እትዬ ዞሮ መብራቱ እስኪስተካከል ቀልዱ ደጋግሞ ተነግሮ አልቋል። ጋሼ ከካሜራው ጎን ቆሞ ቃሉን ከወረቀት ያነብላቸዋል፤ ድምፁ ደክሟል። የእትዬ ፊት ትክክል ነው፤ ዓይናቸው ግን ቀልዱን ያውቀዋል።

ኤዲት ላይ ሲመጣ ባሰ። ሰፊው ሾት ያስቃል፤ ወደ አድማጩ ስቆርጥ ሳቁ ይሞታል። ስለዚህ ከአድማጩ እሸሽና ተናጋሪው ላይ እቆያለሁ፤ የመጀመሪያው ክፍል እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ንግግር የሚያደርግበት ስብሰባ መሰለ። ፍሬሞችን (የቪዲዮውን ነጠላ ምስሎች) በመቀነስ፣ ከሰፊው ላይ ምስሉን አስጠግቶ በመቁረጥ ሞከርኩ። አስጠግቶ መቁረጡ ትንሽ ረዳ፤ ግን ምስሉ ተሻከረ።

እትዬ ምሳ ላይ ለዳይሬክተሩ እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ መድረክ ላይ እየሰማሁ ነው የምመልሰው። እዚህ ተናጋሪው ከሄደ በኋላ መልሺ እባላለሁ።» እሱም እሺ እትዬ አለና ምሳውን ሳይጨርስ ፕሮዲውሰሩን ፍለጋ ወጣ።

ጥቅምት መጨረሻ፦ ሁለተኛው ካሜራ

ዘዴው አዲስ አይደለም። በ1951 እ.ኤ.አ. ሉሲል ቦልና ዴሲ አርናዝ ተከታታይ ኮሜዲያቸውን ሆሊውድ ውስጥ ሲጀምሩ የካሜራ ባለሙያው ካርል ፍሮይንድ ተመልካች በተቀመጠበት በሦስት ባለ 35 ሚሊሜትር የፊልም ካሜራዎች በአንድ ጊዜ ቀርጾላቸዋል። ተናጋሪውና አድማጩ በአንድ ቅጽበት ይያዛሉ። ዋጋው ብርሃኑ ላይ ይከፈላል፤ ለሁሉም አቅጣጫ እንዲሆን የተሠራ መብራት ለአንዱም አያምርም።

እኛም ከፈልነው። የኤልኢዲ ፓነሎቹን ወደ ነጩ ኮርኒስ አዙረን ብርሃኑ ከላይ እንዲመለስ አደረግን። ጥላ ጠፋ፤ ውበትም አብሮ ጠፋ። የካሜራ ባለሙያው ለተወሰነ ጊዜ አላናገረንም።

የሁለተኛው ካሜራ ኪራይ ከነሌንሱ በቀን 2,000 ብር ገደማ ጨመረ። ፕሮዲውሰሩ ያመነው አንድ ክፍል የሚወስደው ጊዜ ወደ ግማሽ ሲወርድ ነው፤ የምሳ፣ የትራንስፖርትና የነዳጅ ወጪ አብሮ ወረደ። ሁለቱ ካሜራዎች የተለያየ ስሪት ስለሆኑ የአንዱ የቆዳ ቀለም ወደ ቀይ፣ የሌላው ወደ አረንጓዴ ያደላል። የሁለቱንም የነጭ ቀለም ሚዛን (ዋይት ባላንስ) በእጅ ኬልቪን 5600 ላይ አሰርን፤ በየትዕይንቱ መጀመሪያ የቀለም ቻርት ቀረጽን። በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ ሸተር (የካሜራው መዝጊያ ፍጥነት) 1/50። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ፍጥነቱ ከእሱ ጋር ካልተስማማ ጓዳ ያለው ኒዮን ምስሉ ላይ ይርገበገባል።

ሌላው ጣጣ የእትዬ ነጠላ ነው። ከሰው ፊት ይልቅ ነጠላው ብርሃኑን ይወስዳል፤ ለፊታቸው ስናበራ ነጠላው ምስሉ ላይ ከመጠን በላይ ይነጣል፣ ለነጠላው ስንቀንስ ፊታቸው ይጨልማል። ሜካፕ የምትሠራው ልጅ ነጠላውን በሻይ ዘፈዘፈችው። በዓይን ሲያዩት ያደፈ ይመስላል፤ ካሜራ ላይ ግን ነጭ ነው። እትዬ ግን ቅር አላቸው። «ሰው ሲያየኝ ነጠላ የማታጥብ ይለኛል» ብለው ለምሳ ሲወጡ የራሳቸውን ይለብሳሉ፤ በዚህ ምክንያት ከምሳ በኋላ ነጠላ መፈተሽ የእኔ ቋሚ ሥራ ሆነ።

ኅዳር፦ ድምፅ

በሁለት ካሜራ ላይ ቡም (ረጅም ዘንግ ላይ የታሰረ ማይክ) ለመያዝ ቦታ የለም፤ ከአንዱ ፍሬም ሲወጣ በሌላው ይገባል። ለእያንዳንዱ ተዋናይ ትንሽ ማይክ ልብስ ላይ አደረግን። ነጠላ ማይክ ላይ ሲሻሸ እሳት ላይ ቅጠል የጣሉ ይመስላል። ደረት ላይ፣ አንገትጌ ውስጥ ተሞከረ፤ በመጨረሻ በሕክምና ፕላስተር ሻሹ ጫፍ ላይ ግንባር አጠገብ ተለጠፈ። ቡሙም አልቀረም፤ ከሶፋው ጀርባ ተኝቶ ለመጠባበቂያ ይቀዳል።

ከመድረክ የመጡት ተዋናዮች የሚናገሩት ለብሔራዊ ቴአትር የኋላ ወንበር ነው። ልምምድ ላይ በተለካው መጠን ስንቀዳ ቀረጻው ላይ ድምፁ ይሰነጠቃል። አሁን የድምፅ ባለሙያው እትዬን «አንዴ ልጅ ጥሩልኝ» ይላቸዋል፤ በዚያ ይለካና ከዚያ በታች ዝቅ ያደርጋል።

ድምፁ እንዳይቀዳ ፍሪጁን እናጠፋለን፣ ግን መልሶ ማብራቱን ማን ያስታውሰዋል? የድምፅ ባለሙያው የመኪናውን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ፍሪጁን ሳያበራ ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም። የግድግዳው ሰዓት ባትሪ ወጥቷል፤ ቆጣሪውን እኔ በእጅ አዞራለሁ። ጄነሬተሩ ከግቢው ጥግ ሆኖም ይሰማል፤ ስለዚህ ለካሜራና ለመብራት ባትሪ መሙያ ብቻ ዋለ። የጎረቤት ሬዲዮ ከሁሉም የከፋ ነው። ዘፈን ሲቆራረጥ ኤዲቱን ያጋልጣል፤ ከዚያም በላይ የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 አለ፤ ያልተፈቀደ ዘፈን ከበስተጀርባ ቢገባም የባለቤቱ መብት ነው። ለጎረቤቶቹ ቀረጻ የሚካሄድበትን ሰዓት አስቀድመን መንገር ጀመርን። ቡና ስናፈላም ጠራናቸው። ሬዲዮው ዝም አለ፤ ጎረቤቶቹ ግን መስኮት ላይ ቆመው መሳቅ ጀመሩ።

ኅዳር መጨረሻ፦ የተቀዳ ሳቅ

ከጣቢያው ሳቅ ይጨመርበት የሚል ሐሳብ መጣ። ከኢንተርኔት የወረደውን ሞከርኩ። ቻርሊ ዳግላስ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ቴሌቪዥን በሳቅ ማሽኑ የጀመረው ዓይነት ሳቅ፣ ከነፉጨቱና ከነጩኸቱ፣ በእኛ ሳሎን ላይ ሲገባ ቤቱ ውስጥ የተደበቁ ቱሪስቶች ያሉ አስመሰለው። የራሳችንን እንቅዳ ተባለ። ዘመድና ጓደኛ ሰብስበን ኤዲት የተደረገውን ክፍል አሳየን፤ ሁለት ማይክ አቆምን።

ለሳቅ ትራክ የሚሆን ነገር አልተገኘም። ሰው ዝም ብሎ አይስቅም፤ «ወይ ጉድ!» ይላል፣ ከንፈሩን ይመጣል፣ አጠገቡ ላለው ይተረጉማል፣ አያቲቱን ይመክራል። ቅጂው ግን ሌላ ነገር አሳየኝ። ሳቁ የተጀመረበትን ቦታ በሙሉ ታይምላይኑ (የኤዲቱ የጊዜ መስመር) ላይ ምልክት አደረግሁ። እኛ ቀልዱ ያለበት ነው ብለን የቆረጥንለት ቦታ ላይ አይደለም፤ ከዚያ ቀደም ይላል። አማርኛ ማሰሪያውን፣ ማለትም ግሡን፣ መጨረሻ ያመጣል። ጋሼ «የቡፌውን ቁልፍ እኔ ራሴ ትናንት ማታ ከሻሽሽ ላይ…» ሲል ገና ፈታሁት አላለም፤ እትዬ ግን እጃቸውን ወደ ሻሻቸው ልከዋል። ሰው የሚስቀው እዚያ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ማሰሪያው እስኪነገር ጋሼ ላይ ቆይቼ፣ አረፍተ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነበር ወደ እትዬ የምቆርጠው።

የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች እንደገና ቆረጥኩ። ሕጉ አንድ ሆነ፦ ማሰሪያው የሚሰማው አድማጩ ላይ ነው። በአንድ ካሜራ የተቀረጸው ክፍል ይህን ማድረግ አይችልም፤ የሚቆረጥለት እውነተኛ አድማጭ የለውም። እሱን ወደ መካከል ሳምንት አስተላለፍነው እንጂ መክፈቻ አላደረግነውም። ሳቅ አልጨመርንም። ጣቢያው ቅር አለው፤ ሁለተኛ ግን አልጠየቀም።

ኋላ፦ ስክሪፕቱም ከዚህ በኋላ ተለወጠ። ጸሐፊዎቹ ከቃለ ተውኔቱ ጎን «ማን ይሰማል» የሚል ዓምድ ጨመሩ። ማንም የማይሰማው ቀልድ ይሰረዛል። እትዬ ያነሰ ንግግር፣ የበለጠ ትዕይንት አገኙ፤ ደመወዝ በንግግር ብዛት ይመስላቸው ስለነበር መጀመሪያ ተጨነቁ።

ጥር፦ ቡና

የቡና ትዕይንት ለኮንቲኒዩቲ መርዝ ነው። የስኒው መጠን፣ የጀበናው አፍ፣ የፈንዲሻው ቁመት ሁሉ በየሾቱ ይለወጣል። የዕጣኑ ጭስ ደግሞ ቤቱን ቀስ በቀስ ያነጣዋል፤ መጀመሪያ የተቀረጸውና በኋላ የተቀረጸው ጎን ለጎን ሲቀመጡ በሁለት ወቅት የተቀረጹ ይመስላሉ። አሁን ዕጣኑ የሚጨሰው በሰፊው ሾት መጀመሪያ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ከሰሉ ነው። ለድምፅ ብለን መስኮት ዘግተን፣ ከሰል አቀጣጥለን፣ ሰው ሞልተን እንሠራ ነበር። ልጅቷን የምትጫወተው ተዋናይት ራሴን አለች፤ ቀጥሎ ጋሼ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ ይገድላል። ቀረጻው ቆመ፣ መስኮቱ ተከፈተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰሉ ውጪ አመድ እስኪለብስ ይቆይና ለሰፊው ሾት ብቻ ገብቶ ይወጣል፤ በቅርብ ሾቶች ምድጃው ባዶ ነው።

የካቲትና መጋቢት፦ የፋሲካ ክፍል

የፋሲካ ክፍል ለፋሲካ እንዲደርስ በሁዳዴ መቀረጽ አለበት። የ2012 ሁዳዴ የገባው የካቲት 16 ነው። ገበታው ላይ ዶሮ ወጥ አለ፤ ገበታው ዙሪያ ደግሞ የሚጾሙ ተዋናዮች። በዚያ ላይ ልጁን የሚጫወተው ሙስሊም ነው፤ ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። አጉርሶ ማሳየት የታሪኩ ልብ ስለሆነ የመብላት ማስመሰል አይሆንም።

የጓዳው ኃላፊ እህታችን ፈታችው። ሽንኩርቱና በርበሬው እንደ ዶሮ ወጥ ለረጅም ሰዓት በዘይት ተቁላላ (ስፖንሰሩ ደስ ይበለው)። ሥጋው የአኩሪ አተር ነው፤ በእንጨት ላይ ተጠቅልሎ ቅልጥም ሆነ። ዕንቁላሉ ድንች ነው፤ ተቀቅሎ፣ በቢላ ሾል ተደርጎ፣ ወጡ ውስጥ ሲያድር መረቁን ጠጥቶ ዕንቁላል መሰለ። አንድ ቦታ ብቻ ይጋለጣል፤ ሲቆረጥ አስኳል የለውም። ስለዚህ ዕንቁላል ማንም እንዳይቆርጥ፣ ሙሉውን አያቲቱ እንዲያጎርሱ ተጻፈ። ልጁ አፉ ሞልቶ መመለስ ሲያቅተው አባቱ የሚጠይቀው ጥያቄ የክፍሉ ትልቁ ሳቅ ሆነ።

እንጀራው በመብራት ስር ጠርዙ ይደርቅና ይነሳል። ከየቀረጻው በፊት የላይኛውን ማንሳት ነው እንጂ ውኃ መርጨት አይረዳም፤ ሞክረነው ቦታ ቦታ ነጣ። ብዙ እንጀራ ሄደ፤ የከረመውን ፍርፍር አድርገን በላነው።

ከመጋቢት 2012 በኋላ

መጋቢት 4 በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። የፋሲካው ክፍል ሚያዝያ 11 ሲተላለፍ ሰው ሁሉ ቤቱ ነበር፤ እኛ ግን ለቀጣዮቹ ሳምንታት የሚሆን ክፍል አልነበረንም።

የቀሩት ስክሪፕቶች በአንድ ትዕይንት ሁለት ሰው እንዲይዙ ተጻፉ። አንድ ካሜራ ሰው ሳይዘው በትሪፖድ ቆመ። ትልልቁን የቤተሰብ ትዕይንት ለማዳን ምስሉን ለሁለት ከፈልነው፦ ካሜራው ሳይነቃነቅ፣ መጋረጃ ተዘግቶ፣ ጠዋት የግራውን ሶፋ፣ ከሰዓት የቀኙን ቀረጽን፤ ኤዲት ላይ በመካከላቸው ባለው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ሰፋሁት። ስፌቱ አይታይም። ሳቁ ግን እንደገና የጥቅምቱ ሆነ፤ እትዬ ጠዋት የተቀዳውን የጋሼን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ ይመልሳሉ፣ ቅጂው ደግሞ አይጠብቃቸውም።

ጋሼ ራሱ መፍትሔ አመጣ። ጭምብሉን አድርጎ ግቢ ውስጥ፣ መስኮቱ ስር ቆመና ቃሉን በቀጥታ ተናገረላቸው። ድምፁ ለትራኩ አይሆንም፤ በጠዋቱ እተካዋለሁ። እትዬ ግን እሱን ይጠብቁታል፣ እሱም እሳቸውን። የዶሮና የመኪና ድምፅ እየገባ ትክክለኛው ፊት ተገኘ። ልፋቱ ከባድ ነው፤ ከሁለቱ ቅጂዎች የጋሼ ፍጥነት ስለሚለያይ ዝምታዎቹን በፍሬም እያሳጠርኩ ማስማማት ነበረብኝ።

ሰኔ፦ ሒሳብ

የመጨረሻው ክፍል ተረከበ፤ ድምፁ በ−23 ላፍስ (የድምፅ ከፍታ መለኪያ)፣ ፋይሉም በሁለት ሃርድ ዲስክ። ሶፋዎቹ ተሸጡ፤ ስፖንጁን የድምፅ ባለሙያው ወሰደው። ቡፌውን አከራዩ ጠየቁ፣ ተሰጣቸው። በበጀቱ ላይ ትልቁ መብለጥ የታየው በኪራይ ቀናትና በምግብ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ካሜራ ያስፈራንን ያህል አልበላም።

ጣቢያው ሁለተኛ ምዕራፍ ይፈልጋል፤ በበለጠ የውጪ ትዕይንት፣ በመኪና፣ በሠርግ። ዳይሬክተሩ ለደብዳቤው መልስ ጽፏል፤ ያው ሳሎን እንዲቀጥል፣ የሠርጉ በጀት ለሦስተኛ ካሜራ እንዲዞር ይጠይቃል። ፕሮዲውሰሩ ገና አልፈረመበትም።